አምስተኛው ምርጫ

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አገሬ በጣም ትፈልገኝ ነበር። ይህን ያበሰሩን ካኪ ለብሰው የመጡ አንድ ካድሬ ናቸው። ትምህርት ቤታችን ደረጃ ላይ ቆመው፣ እኛን ፀሐይ ላይ አቁመው፣ ሶሻሊስት ኢትዮጵያ ሐኪም ትፈልጋለች፣ ኬሚስት ትፈልጋለች፣ መሐንዲስ ትፈልጋለች እያሉ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። የድምፅ ማጉያው በየመሐሉ ስለሚቋረጥ «ትፈልጋለች» የሚለውን እንጂ ምን እንደምትፈልግ ሁልጊዜ አልሰማንም። ችግሩ ገመዱ ሥር የላላ ሽቦ ነበር። አንድ ካቻቢቴና አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ነገር ግን ስለ መሐንዲስ አስፈላጊነት ንግግር እየተደረገ ተነስቶ ማጉያ መጠገን ሥነ ሥርዓት መጣስ ስለሚሆን፣ እንደ ሰው ሁሉ ዝም ብዬ አጨበጨብኩ።

ለሳይንስ የተሰጠው ትኩረት እንዲህ በንግግር ብቻ የቀረ እንዳይመስላችሁ። ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ነበረው። ቤተ ሙከራው ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ነበረው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ቮልት ሜትር ነበር። እንዳይበላሽ ተቆልፎበታል። የፊዚክስ መምህራችን በመስታወቱ በኩል በጣታቸው እያሳዩ «ያውላችሁ፣ እሱ ነው» ይሉናል፤ እኛም ደብተራችን ላይ እንስለዋለን። አራት ዓመት ስስለው ቆይቼ በመጨረሻ ቮልት ሜትር በመሳል የሚስተካከለኝ አልነበረም።

እውነተኛው ቤተ ሙከራዬ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ያለው ግቢያችን ነው። ስድስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ለእሑድ ልብሱን ሊተኩስ ካውያውን ሲሰካ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ስድስቱም ቤት ስሜን ይጠራል። አባቴ አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለነበር ሽቦ መንካት የተማርኩት ከእሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ፊውዝ መቀየር ሰለቸኝና ማን በስንት ሰዓት መተኮስ እንዳለበት አስልቼ፣ በደብተር ወረቀት ጽፌ ቆጣሪው ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ወዲህ ፊውዙ አልተቃጠለም። በዚያ ዘመን ግቢያችን ከደረሱት መመሪያዎች ሁሉ ሰው ወዶ ያከበረው የእኔን ብቻ ነው። አባቴ ወረቀቱን ቆሞ ለረጅም ጊዜ አነበበውና «ይቺ ልጅ ኤሌክትሪክ ትማራለች» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ተመኝቼ አላውቅም።

አባቴ ግን አንድ የማይድን በሽታ ነበረበት፤ ይሉኝታ። እኛንም በዚሁ ነው ያሳደገን። ሰው ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ «ብሉ» ስትባሉ «በልተን ነው የመጣነው» ትላላችሁ። ሁለተኛ ስትባሉ «እግዜር ይስጥልኝ፣ በቃኝ» ትላላችሁ። ሦስተኛ «በሞቴ» ስትባሉ ብቻ፣ እሱንም ሳትጣደፉ፣ እጃችሁን ትዘረጋላችሁ። በመጀመሪያው ጥሪ እጁን የሚዘረጋ ልጅ ስድ ነው። ሥርዓቱ ያምራል፤ ችግሩ ሁለት ሰው መፈለጉ ነው። አንዴ ሠርግ ቤት አስተናጋጇ ብዙ ሰው ስለነበረባት ሁለት ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝና አለፈች። ጨዋ እንደሆንኩ፣ ሆዴ እየጮኸ ቤቴ ገባሁ።

የማትሪክ ውጤት መጣ። ግቢው በእልልታ ተናወጠ ብል ማጋነን አይሆንም፤ ሒሳብና ፊዚክስ ላይ እኔ ካገኘሁት በላይ የሚሰጥ ነጥብ አልነበረም። ከዚያ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ምርጫ ፎርሙ ተሰጠን። አምስት መስመር አለው፤ ከአንደኛ ምርጫ እስከ አምስተኛ። የምርጫ ነገር ብርቅ በሆነበት ዘመን አምስት ምርጫ በአንድ ወረቀት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። አባቴ እንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይ ያለ አዋቂ አይሞላም ብሎ ጎረቤታችንን ጋሼን ጠራቸው።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ለኮልፌ ሰው ማመልከቻ ሲጽፉ ኖረዋል። መንግሥት ሲለወጥ «ለጥ ብዬ እጅ እነሳለሁ» የሚለውን በ«አብዮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ» ተክተው፣ የተቀረውን አንድ ቃል ሳይነኩ ሥራቸውን ቀጥለዋል። መንግሥት እንዴት እንደሚያስብ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም ይባል ነበር።

«አንደኛ ላይ ምን ልትጽፊ ነው?» አሉኝ።

«ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዲህ ዘው ብለሽ?»

አባቴ መሬት መሬት አየ። የሰው ማዕድ ላይ ከባለቤቱ ቀድሜ እጄን የሰደድኩ ያህል አፍሮብኛል።

«ስሚኝ ልጄ፣ መንግሥትም ሰው ነው» አሉ ጋሼ። «ስስት ካየብሽ ይታዘብሻል። መጀመሪያ ማንም የማይፈልገውን ጻፊ። የሒሳብ መምህርነት በይ። ሁለተኛ እርሻ በይ። ኤሌክትሪኩን አምስተኛ ላይ፣ ታች፣ ዝም ብለሽ አስቀምጪው። እነሱ ውጤትሽን ያያሉ። ‹ኧረ ይቺ ልጅ እንዲህ ባለ ውጤት! ትሕትናዋ ነው እንጂ የምትፈልገውስ ሌላ ነው› ይላሉ። ወረቀቱን እስከ ታች ያነቡና ያገኙታል።»

«ባያነቡስ?»

«እንዴት አያነቡም?» አለ አባቴ፣ እውነትም ገርሞት። «በዚህ ውጤት?»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አሁን እንዲህ ማለት ቀላል ነው። ያን ቀን ግን የጋሼ ሐሳብ እኔንም ልክ መሰለኝ። ያደግኩት በዚያው ቤት ነው፤ የምፈልገውን ነገር ፊት ለፊት መጻፍ እኔንም አሳፍሮኝ ነበር። አንደኛ መስመር ላይ መምህርነትን አምሮ በሚነበብ ጽሑፍ ጻፍኩ። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግን አምስተኛው መስመር ላይ፣ አነስ አድርጌ።

ምደባው ሲለጠፍ ከተማሪው ግማሹ ያለቅሳል። ሐኪም ልሁን ያለው ደን ተመድቧል፣ አርክቴክት ልሁን ያለው ታሪክ። እኔ ግን አንደኛ ምርጫዬን አገኘሁ። መንግሥት ፍላጎቴን አሟልቶልኛል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ከእኔ ሌላ አላውቅም።

ይህ ሳያንስ ካድሬው ተመልሰው መጡ። ተማሪው በተሰበሰበበት ወደ ደረጃው አስወጡኝ። «ይህች ወጣት በውጤቷ መሐንዲስ መሆን ስትችል፣ የግል ጥቅሟን ወዲያ ብላ፣ ለሰፊው ሕዝብ ልጆች...» ሲሉ ማጉያው ተቋረጠ። ያ የላላ ሽቦ እስከዚያም ቀን አልተጠገነም። ተማሪው የጎደለውን በጭብጨባ ሞላው። ደብተር ተሸለምኩ፤ ቮልት ሜትር ልስልበት ካልሆነ በቀር ለምን እንደሚሆነኝ አልገባኝም።

በማግስቱ ለማንም ሳልነግር በሁለት አውቶቡስ ምደባው ወደሚሠራበት ቢሮ ሄድኩ። ያነጋገሩኝ ሰውዬ ክፉ አልነበሩም። ፋይሌን አውጥተው፣ ውጤቴን አይተው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኤሌክትሪካል ሁለት ቦታ ሳይሞላ ቀርቷል» አሉ። «አንደኛ ብለሽ ብትጽፊ ኖሮ ማንም አይቀድምሽም ነበር።»

«አምስተኛ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«አንደኛውን ላገኘ ሰው አምስተኛውን ማን ያያል?»

«ይለወጥልኝ እንግዲያው። ቦታው ባዶ ነው አላሉም?»

«በፈቃድሽ የመረጥሽውን? አለቃችን በአርአያነት ሪፖርት ላይ አስገብተውሻል እኮ። አሁን እንዴት አድርጌ ነው የማወጣሽ?» ፋይሉን ዘጉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምነው ልጄ፣ የምትፈልጊውን መጻፍ ምን ያስፈራል?» አሉኝ።

ፌርማታው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ። ተናድጄ ነበር፤ በመንግሥት አይደለም፣ በእሱስ መናደድ ለምዶብኝ ነበር። በአባቴ ነው የተናደድኩት፤ አባቴን ደግሞ ከማንም በላይ እወደዋለሁ። ቤት ስገባ «አይለወጥም አሉ» ብቻ አልኩ። ስለ ሁለቱ ባዶ ቦታ አልተናገርኩም። አባቴ «እሱ ያለው ነው የሚሆነው» አለና ጃኬቱን ለብሶ ወጣ።

እሑድ ጋሼ ቤት ተጠራን። ዩኒቨርሲቲ መግባቴን ሊያከብሩልኝ ነው፤ ፎርሙን በማስሞላታቸው የድሉ ተካፋይ ነበሩና ፊታቸው በርቷል። ባለቤታቸው እትዬ ቀይ ወጥ ሠርተዋል። ማዕዱን ከበን ተቀመጥን፤ ጥቂት ከተበላ በኋላ እትዬ ድስቱን ይዘው እኔ አጠገብ መጡ።

«ልጨምርልሽ?»

«አዎ፣ ይጨምሩልኝ» አልኩ። «ከሥጋው።»

እናቴ ከጠረጴዛው ሥር ቆነጠጠችኝ። ጋሼ ሊያቀሉት ፈልገው ሳቁ። «ምነው ልጄ፣ ለወጉ እንኳ አንዴ እምቢ አይባልም?»

«ብያለሁ ጋሼ፤ ለመንግሥት። ሁለት ቦታ ባዶ ነበር። በሞቴ የሚለኝ ሰው ግን አልነበረም።»

ይህን ስል አባቴን አላየሁም። ድምፁን ነው የሰማሁት። «ሁለት ቦታ?» አለ።

«ሁለት፣ አባባ። አንደኛ ብጽፍ ማንም አይቀድመኝም ነበር።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁና የሚያስቀምጡበት ጠፋቸው። አባቴ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ማዕዱ ላይ አስቀመጠው።

«ይጨምሩላት እትዬ» አለ። «ልጄ የምትፈልገውን ተናግራ ነበር። ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ።»

እትዬ ከሥጋው አወጡልኝ። ጠይቄያለሁና መብላት ነበረብኝ፤ በላሁ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩና «አንተስ፣ ብላ እንጂ» አሉት። ሁለተኛ ጠየቁት። «በሞቴ» አሉት ሦስተኛ፣ ድስቱን ይዘው ቆመው። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ሦስተኛዋ ጥሪ መጣች፤ አባቴ ግን እጁን አልዘረጋም።