ሥሩን የነቀልኩ ቀን

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ አንዲት ሴትዮ አጥሯን ስትከረክም በአጠገቧ ሳልፍ፣ የቅንጭብ ወተት እጄ ላይ ጠብ አለ። ተጣበቀ። በሳሙና ባሸው አልለቅ አለኝ፤ ቀኑን ሙሉ አባቴን ሳስበው ዋልኩ።

አባቴ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ቤታችን ደረቁ ወንዝ አፋፍ ላይ ነው፤ ክረምት ካልሆነ ከጓሯችን ማዶ የሚታየው አሸዋ ብቻ ነው። አባቴ አፋፉ ላይ በሙሉ ቅንጭብና ቃጫ ተክሎ፣ ከሥራቸው ሰርዶ አንጥፎ ነበር። "የሐዲዱን አፈር የሚይዝልን ድንጋይ መስሎህ ነው? ሥር ነው እንጂ!" ይለኝ ነበር። ጎርፍ ሲመጣ ግንዱ መሃል ገብቶ ይደክማል፤ ያመጣውንም ደለል እዚያው ጥሎ ይሄዳል። ጓሯችን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይሰፋ ነበር። አባቴ ደለሉን በእግሩ እየረገጠ፣ "ሌላው መሬት ይገዛል፣ እኔ እወልዳለሁ" ብሎ ይስቃል። ፍየል እንኳ አያስደርስበትም። እኔ ግን አፍርበት ነበር፤ ጓደኞቼ "የጅብ ሰፈር" ይሉታል።

ታላቅ ወንድሜ ሊያገባ ሆነ። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ለሙሽራዋ ጓሮ ውስጥ አንዲት ክፍል በገዛ እጁ ሠርቶ በሯን ሰማያዊ ቀባላት። ለዳሱ ግን ቦታ ጠበበ። አባቴ ዘመድ ሊጠራ ገጠር፣ ዋሂል በሄደበት ቀን ከጓደኞቼ ጋር ጥሻውን መነጠርነው። ይህም አልበቃን፤ ጨፋሪውን እንዳያደናቅፍ ብለን ሥሩን በዶማ ነቀልነው። ሐሳቡ የእኔ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ማን ይመልሰኛል!

አባቴ ሲመለስ ከተቆፈረው አፈር ዘግኖ ቆመ። "ቆርጠህ ብትተወው ያቆጠቁጥ ነበር። ሥሩ ምን አደረገህ?" አለኝ። ወንድሜ የደረሰው ዳሱ ተተክሎ ካለቀ በኋላ ነው፤ በሰርግ ግርግር ስለ ጥሻ ማን ይጠይቃል?

በዚያው ክረምት አንድ ከሰዓት፣ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ደረሰ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የእኛው ግን እያጓራ ነው የመጣው። አፋፉ እንደ ረጠበ ዳቦ እየተቆረሰ ወረደ። ሙሽራዋ በባዶ እግሯ ሮጣ ተረፈች፤ ክፍሏ ግን ከነአልጋው ሄደ።

ወንድሜ በማግስቱ ከጅቡቲ ገባ። ባዶውን አየና፣ "ጥሻውን ማነው የነቀለው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አለ አባቴ። "ለዳሱ ቦታ ጠበበኝ።"

"አንተ? ቅጠል በጠሳችሁ ብለህ ስትገርፈን ኖረህ፣ የእኔ ቤት ሲሆን? ወላሂ፣ ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም!"

አልረገጠም። ሚስቱን ይዞ ሳቢያን ሰፈር ቤት ተከራየ። አባቴ በየዒዱ በር በሩን ሲያይ ይውል ነበር። እውነቱን ልንገረው ስለው፣ "ተው። በእኔ ቢቀየም አባቱ ነኝ፣ አንድ ቀን ያልፍለታል። በአንተ ከተቀየመ ግን ወንድም አይኖርህም" ይለኛል። እኔም ተውኩ። አልዋሽህም፣ ስለተመቸኝ ነው የተውኩት። አላለፈለትምም፤ አባቴን ስንቀብር ወንድሜ ከኋላ ቆሞ፣ አፈር ሳያለብስ ሄደ።

ዛሬ ዛሬ ዒድ በመጣ ቁጥር ልጆቹን ይዞ እኔ ቤት ይመጣል። ዘንድሮ ትልቁ ልጁ፣ "አያታችን ምን ዓይነት ሰው ነበር?" ብሎ ጠየቀው።

"ለአንድ ቀን ዳስ ብሎ ቤቴን በጎርፍ ያስበላ ሰው" አለው ወንድሜ።

ልጁ ዞሮ እኔን አየኝ። የሩዙን ሳህን ወደ እሱ አስጠጋሁና፣ "ብላ እንጂ" አልኩት።