የቅድመ አያቴ ወንድም መርዶ

እናቴ ከአገር ቤት ወደ ውጭ አገር፣ ብሬብሩክ ወደሚባል ሰፈር፣ እኔ ጋ ከመጣች ጀምሮ አንድ ጥያቄ አላት። ሰሃን ሳጥብ ትጠይቀኛለች፤ ልብስ ሳጣጥፍ ትጠይቀኛለች፤ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ እንኳ በር ላይ ይዛ ትጠይቀኛለች።

«ነጻ ከወጣ ለምን አልመጣም?»

የምትጠይቀው ስለ አያቷ ወንድም ነው። ልጅ ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ከወንዝ ዳር ወሰዱት፤ ባሕር ድረስ ነድተው ጀልባ ላይ ጫኑት። ከዓመታት በኋላ ከባሕሩ ዳር የተመለሰ ነጋዴ ለቤተሰቡ ወሬ አመጣ። ጀልባዋን የእንግሊዝ የጦር መርከብ ይዟታል፤ ልጆቹ ነጻ ወጥተዋል። ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። የእናቴ አያት «ነጻ ከወጣ ይመጣል» ብላ ማንም ለቅሶ እንዳይቀመጥ ከለከለች። መርዶ ሳይመጣ ምን ለቅሶ አለ? እስክትሞት ጠበቀችው። ሌላው ሰው መሬት ያወርሳል፤ እሷ መጠበቁን ለእናቴ አወረሰች።

እኔ ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን መጋዘን ውስጥ ካርቶን የማነሳ ሰው ነኝ። «እማዬ፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ስልክ ቁጥር የለኝም» እላታለሁ። መች ሰምታኝ። በማግስቱ ያንኑ ትጠይቀኛለች።

ሦስት ዓመት እንዲህ ከኖርን በኋላ ለልጄ የታሪክ የቤት ሥራ ተሰጣት፤ እሷም የአያቷን ጥያቄ ይዛ ኮምፒውተር ላይ ተተከለች። በሁለት ሳምንት አገኘችው። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ቶሎ ማግኘቷም ትንሽ አናዶኛል። እንግሊዞቹ ከጀልባ ያወረዷቸውን ልጆች መጀመሪያ ወደ ኤደን ወደብ፣ ቆይተው ደግሞ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ልከዋቸዋል። እዚያ አንድ መምህር እያንዳንዱን ልጅ አስቀምጦ ጠይቆ መዝግቧል። ከልጆቹ የአንዱ የአባቱ ስም፣ የወንዙ ስም፣ ቤት የቀረችው ታናሽ እህቱ፣ ሁሉም እናቴ እንደምትለው ነው። ከሥሩ በሌላ ቀለም አንድ መስመር ተጨምሯል፤ በሁለተኛው ክረምት በሳንባ በሽታ ሞተ፣ ዕድሜው አሥራ ሦስት ግድም።

ደሜ ፈላ። የአባቱን ስም ጠየቁት፤ ወንዙን ጠየቁት፤ እህቱን ጠየቁት። የቤቱን አድራሻ ከአፉ ተቀብለው ሌላ አገር አስቀመጡት። ነጻ ማውጣት ይህ ከሆነ ምን ልበል።

ይህን ለብቻዬ በነገረችኝ ማታ ልጄ የቀረውን ወሬ እራት ላይ ይዛ መጣች። አያቷ ፊት በእንግሊዝኛ «ሞቷል እኮ፣ ደግሞም ሲጠይቁት...» ስትል አፏን በእጄ ከደንኩት። መርዶ በሹካና በማንኪያ መሃል አይነገርም። ከዚያ ለጋሼ ደወልኩ፤ ያራቪል የሚባል ሰፈር የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው።

«በስልክ እንዳትነግሪያት!» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አብራኝ እኮ ነው የምትኖረው።»

«ቢሆንም። መርዶ በሽማግሌ ነው፣ ማለዳ ነው። እኔ አስተባብራለሁ።»

ማስተባበሩ ሦስት ሳምንት ፈጀ። አንደኛው ሽማግሌ ዌሪቢ በሚባል ሰፈር የማለዳ ሺፍት ነበራቸው። አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ሮስተሯ፣ የሥራ ተራዋ ማለት ነው፣ ተቀየረ። ጋሼ ራሳቸው ለመኪናቸው የሰርቪስ ቀጠሮ ይዘው ኖሯል። እኔ በየቀኑ ጥያቄውን እየሰማሁ መልሱን ውጬ ተቀመጥኩ።

«ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀች ሴትዮ አሁን ደግሞ ሮስተር ትጠብቅ?» አለችኝ ልጄ፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ። ልክ ስለነበረች ተቆጣኋት።

በመጨረሻ አንድ የሐምሌ ማክሰኞ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ አራት ሰዎች ጥቁር ጃኬት ለብሰው በረንዳችን ላይ ተሰለፉ። በሩን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። እናቴ ግን ለጸሎት ተነስታ ስለነበር ቀደመችኝ። ከፈተች፤ ጋሼን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፍተው አየቻቸው። ማንም ያገሬ ሰው በዚያ ሰዓት ያንን ሲያይ የሚያስበውን አሰበች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ።

«ልጄን!» ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች።

አምስት ትልልቅ ሰዎች ሦስት ሳምንት ሙሉ ስናቅድ ይህ ለአንዳችንም አልታየንም!

«የለም፣ የለም፣ እትዬ! ልጅዎ ደህና ነው! የአያትዎ ወንድም ናቸው!» ጋሼ ይጮኻሉ። እኔ ወንድሜን በቪዲዮ ደውዬ ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት። እሱም ደንግጦ «ማን ሞተ?» አለ። ፊቱን አይታ፣ ድምፁን ሰምታ፣ ሁላችንንም ረግማ ስታበቃ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ወደ ጋሼም ዞረች።

«የአያቴ ወንድም ነው ያሉኝ?»

«አዎ እትዬ። አርፏል። ገና በልጅነቱ፣ እዚያው በወሰዱት አገር። በሽታ ነው።»

«ሊመጣ ፈልጎ ነበር?»

ልጄ ፒጃማዋን እንደለበሰች ከኋላችን ቆማ ኖሯል። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ መለሰችላት።

«መምህሩ ጠየቀው። "ምን ትፈልጋለህ" አለው። እሱ "ቤት" አለ።»

ይህን እኔም አልሰማሁም ነበር። አፏን ከድኜ እንዴት ትንገረኝ።

እናቴ ሻሿን ፈታች። «ሊመጣ ነበር» አለች። «ሊመጣ ነበር እኮ።» ከዚያ በልጅነቷ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ ስሙን እየጠራች አለቀሰች። አማኝ ጮኾ አያለቅስም እያሉ በየለቅሶ ቤቱ የሚገሥጹን ጋሼ ከሁላችን በፊት ተከተሏት። ዌሪቢ የሚሠሩት ሽማግሌ ሰዓታቸውን አይተው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ አልሄዱም።

ሁለት ሰዓት ሲሆን እኔም ሥራ ቦታ ደወልኩ፤ ለቅሶ ላይ ነኝ፣ አልመጣም አልኩ።

«ማን ሞተብሽ?» አለኝ ሱፐርቫይዘሩ።

«የእናቴ ዘመድ። ልጅ ነው፣ አሥራ ሦስት ዓመቱ።»

«ኧረ በጣም ያሳዝናል። መቼ?»

ከሳሎን የእናቴ ድምፅ ይሰማኛል።

«ዛሬ ጠዋት» አልኩት።