ብርቱካናማው ምልክት

ውሃ ውስጥ የሰመጡ ሰዎችን በሚፈልግ ቡድን በጠላቂነት ስቀጠር የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነበር። ከታችኛው ፎቅ ድሮ ቀይ ባሕር ላይ ጠላቂ የነበሩ ሽማግሌ ይኖራሉ። ጠላቂ ሊወጣ ሲል በአየር ሞልቶ አስቀድሞ ወደ ላይ የሚለቀውን ተንሳፋፊ ምልክት እንዲመርጡልኝ ቢጫና ብርቱካናማ ይዤ ሄድኩ።

«ቢጫው ከደፈረሰ ውሃ አይለይም፤ ይሄኛውን ያዝ» አሉኝ። ከዚያ ግቢው ውስጥ፣ ልብስ ከተሰጣበት ሥር ቆመን፣ ከምልክቱ ጋር የታሰረውን ጥቅል ክር መልቀቅ አለማመዱኝ።

«እጅህ ላይ ከተጠመጠመ ጎትቶ ያወጣሃል። በአንዴ ከወጣህ ደግሞ ሳንባህ አይተርፍም።»

መጀመሪያ የተጠቀምኩበት ከከተማው ዳር፣ ድንጋይ ተቆፍሮ ወጥቶበት ውሃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ነበር። አንድ ወጣት ሰምጧል። ጭቃውን ስዳብስ ቆይቼ አየሬ ሊያልቅ ሲል ምልክቱን ለቀቅኩት። እንደተማርኩት ቀጥ ብሎ ወጣ።

ብቅ ስል የወጣቱ እናት እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተዋል። ልጃቸው የወጣ መስሏቸው ነበር።

«እማማ፣ የኔ ምልክት ነው» አልኳቸው።

«እሱስ?»

«አላገኘሁትም።»

በማግስቱ አገኘነው። እናቱ ዳር ላይ ቆመው ነበር፤ ያን ዕለት ግን ምልክቱ ብቅ ሲል ወደ ውሃው አንዲት እርምጃ አልተራመዱም።