የግንቡ ቀንድ አውጣዎች

ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ተቀምጦ መልሱን ይጠብቃል። እኔ ግን አላስቻለኝም። ሽማግሌዎቼ ዓባይ ማዶ ካለው የልጅቷ ቤት ሲገቡ፣ ከግንብ አጥሩ ውጭ እንደ ሌባ ተለጥፌ ቀረሁ። ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። አባቷ እምቢ ካሉ ምን እንደምሆን እንጃ።

ኮሌጅ ውስጥ ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ከልጅቷ ቀጥሎ የምወደው ነገር ቢኖር ቀንድ አውጣ ነው፤ በተለይ የኖራ ድንጋይ ላይ ካልሆነ የማይኖረው ዓይነት። ቀንድ አውጣ ቅርፊቱን የሚሠራው ከኖራ ነው። የባሕር ዳር ድንጋይ ግን ጥቁር ነው፤ ኖራ ከየት ይምጣ? ዘጌ ድረስ እየሄድኩ ድንጋይ ስገለብጥ የማገኘው ቅጠል ሥር የሚኖሩትን፣ ቅርፊታቸው የሳሳውን ብቻ ነበር።

የተደገፍኩት ግንብ ኖራ የተቀባ ነው። ጎንበስ ስል አንድ የስንዴ ፍሬ የሚያህል ሹል ነገር በኖራው ላይ ይሄዳል። ተንበረከክኩ። አጠገቡ ሌላ አለ፤ ከፍ ብሎ ደግሞ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ጠፍጣፋ የሆነ። ደስታው ሽማግሌዎቹንም ልጅቷንም አስረሳኝ።

"ከአጥሬ ሥር ምን ትሠራለህ?"

የፈሩት ይደርሳል። አባቷ ሽማግሌዎቹን ሊሸኙ ወጥተዋል፤ ኋላ እንደሰማሁት "እስቲ ይታሰብበት" ብለው ነበር የመለሷቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔን ሲያዩ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። መሸሽ ስላልቻልኩ ማውራት ጀመርኩ።

"አባባ፣ ይመልከቱ። ይኼ ሹሉ የቅርፊቱ አፍ ጠርዝ ወፍራም ነው። ያ ጠፍጣፋው ሌላ ዘር ነው። የእርስዎን ኖራ እየፋቁ ነው ቤታቸውን የሚሠሩት። አገሩን ሁሉ ዞሬ አጥቻቸው ነበር፤ እዚህ አገኘኋቸው።"

አባቷ በከዘራቸው ተደግፈው ጎንበስ አሉና ግንቡን አተኩረው አዩ።

"እኔ እኮ ኖራዬን የሚፍቁት እነሱ ናቸው ብዬ የጎረቤቱን ልጆች ስቆጣ ከረምሁ" አሉ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "ልጁ ይኼ ነው?"

"እሱ ነው" አሉ ሽማግሌዎቹ፤ አይደለም ማለት ቢችሉ ደስ ባላቸው ነበር።

"እንግዲህ ለመስከረም ግንቡን የምትቀባው አንተ ነህ። እኔ ወገቤን ያመኛል።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ አሁንም ሐሳቤ ቀንድ አውጣዎቹ ጋ ነበር፤ "ወፈር አድርጌ እቀባዋለሁ" አልኳቸው። ምን እንደተሰጠኝ የገባኝ እናቷ ከግቢው ውስጥ እልል ሲሉ ነው።