ስሙ ያልተጠራው ፍሬ

እናቴን ያዳናት ፍሬው ነው ወይስ ውሸቴ? ይህን ሁሉ መጽሐፍ አገላብጬ ዛሬም መልሱን አላውቀውም።

ዘመኑ የደርግ ነው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለይቼ፣ በሠላሳ ዓመቴ የማታ ተማሪ ሆኜ፣ ቀን ቀን ባሕር ዳር ካለ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አቧራ እጠርግ ነበር። በሁዳዴ የእናቴ ሆድ ደረቀ። ቆሎ ብቻ ቀምሳ ታድራለች፤ ሳምንት ሙሉ ወደ ጓሮ ተመላልሳ ባዶዋን ተመለሰች። በመጨረሻ እህልም አስጠላት፣ ጉልበቷም ከዳት። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት፣ «ይህን ለወንድ ልጅ ላወራ?» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከሶሻሊስት አገር ከመጡት የትምህርት ቤቱ መምህራን የአንደኛው ሚስት መጽሐፍ ልትመልስ መጥታ ስተክዝ አየችኝ። አማርኛ የለመደችው ከባሏ ወንድ ተማሪዎች ስለሆነ እኔንም «አንተ» ነበር የምትለኝ።

«አንተ ለምን አዘንህ?»

ነገርኋት። በማግስቱ በወረቀት የተጠቀለለ የደረቀ ፍሬ አመጣችልኝ፤ ፒር ይባላል። በአገሯ አሮጊቶች ለሳልም ለሆድ ድርቀትም ቀቅለው ይሰጡታል። አምስት ቁራጭ በሁለት ብርጭቆ ውኃ፣ እስኪለሰልስ፤ ውኃውንም ሥጋውንም። ቃል ሳላስቀር በደብተሬ ጻፍሁ። አሰሩ ሆድ እንደሚያላላ ያነበብሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

እናቴ ከየት እንደመጣ ስትሰማ ተቆጣች። «ፈጣሪን ከካዱ ሰዎች ቤት የወጣ፣ በዚህ ጾም? ወዲያልኝ!»

በነጋታው ደብቄ ቀቀልሁት፤ አድቅቄ በዋንጫ አቀረብሁላት። «ከሐይቁ ደሴት ገዳም የመጡ አባት ገበያ ላይ የሰጡኝ መድኃኒት ነው» አልኋት። በእኛ ዘንድ መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳል፤ የሚጠጣው ሰው ምንነቱን አይጠይቅም። ይህን ስለማውቅ ነው የዋሸሁት። አማትባ ጠጣችው። ሦስት ቀን፣ በዘጠኝ ሰዓት ጾሟን ስትፈታ አጠጣኋት። በአራተኛው ቀን ከጓሮ እየሳቀች መጣች፤ «ልጄ፣ ተገላገልሁ!»

ደስታዬ ግን ፋሲካን አልተሻገረም። ለካ ለገዳሙ ጃንጥላ ተስላ ኖሯል። ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ገዝታ፣ የገዳሙ ታንኳ ከሚቆምበት ዳር ይዛኝ ወረደች።

«መድኃኒቱን የሰጡሽን አባት አሳይኝ፤ ጉልበታቸውን ልሳም።»

ታንኳው ከሩቅ ይታያል፤ ሁለት መነኮሳት ተቀምጠውበታል። ከሁለቱ በአንደኛው ላይ ጣቴን ልቀስር?

«እማ፣ ማንም አባት አልሰጠኝም። ያጠጣሁሽ የዚያችን ሴትዮ...»

በመዳፏ አፌን ከደነችው። «ስሙን እንዳትጠሪው! ሕመሜን ልትመልሺብኝ ነው?»

«ስለቱስ?»

«የተሳልሁት ለፈጣሪ ነው እንጂ ላንቺ ነው?» ጃንጥላውን አስተካክላ ያዘች። ታንኳው ዳር እስኪደርስ አላየችኝም፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ነገ ለሴትዮዋ እንቁላል ትወስጂላታለሽ» አለችኝ።