የጋሽ በረዶ ሩጫ

በቤተ ሙከራው ውስጥ የጉበት ሴሎችን እያቀዘቀዙ የሚያስቀምጡትን ሰውዬ ሁሉም «ጋሽ በረዶ» ይሏቸዋል። የነጭ ጋዋናቸው አንድ ቁልፍ ከወለቀ ቆይቷል፤ በመርፌ ቁልፍ ይዘውታል። አዲሷ ሠራተኛ ከመጣች ጀምሮ ዓይኗን ከሳቸው ላይ መንቀል አቅቷታል። ሴሎቹን ሲያቀዘቅዙ እንደ ኤሊ ይጎተታሉ፤ በረዶ ሆነው ከሚቀመጡበት የፈሳሽ ናይትሮጅን በርሜል አውጥተው ወደ ሞቀው ውኃ ሲወስዷቸው ግን ጋዋናቸው እየተርገበገበ ይሮጣሉ።

«እንደ ኩርፊያ ነው፣ ልጄ» ይሏታል። «ሲያኮርፉ ቀስ፣ ሲታረቁ በሩጫ። እርቅ ላይ ከተንቀረፈፍሽ ሴሉ ይሞትብሻል።»

በማግስቱ ሴሎቹ ሳህኑ ላይ ተጣብቀው መራባት ሲጀምሩ «እሰይ፣ የኔ አንበሶች!» እያሉ ማይክሮስኮፑን መታ መታ ያደርጉታል።

ዛሬ ምሳ ላይ ስልካቸው ጠራ። ልጅቷ «ወንድሜ» የሚለውን ጽሑፍ አየች። እሳቸው ስልኩን በፊቱ ደፉት።

«ከተኮራረፋችሁ ስንት ጊዜ ሆነ፣ ጋሼ?»

«ሰባት ዓመት። ምን አለበት? በረዶ ውስጥ ያለ ሴል ሃያ ዓመትም ይቆያል።»

«ሴሉስ ይቆያል፤ ወንድምዎ ግን በርሜል ውስጥ አይደሉም።»

 ጋሽ በረዶ ስልኩን አፈፍ አድርገው ወደ ኮሪደሩ እየሮጡ ወጡ። በእጃቸው አንዲት ብልቃጥ እንኳ ሳይዙ ሲሮጡ ስታያቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።