ዜሮ ነጥብ አምስት

ጋምቤላ ክልል፣ ፑኝዶ ከተማ የውሃ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ የተቀጠርኩት ከኮሌጅ በወጣሁ በዓመቱ ነው። ሥራው አስቸጋሪ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት የከተማውን ቦኖዎች እየዞርኩ ክሎሪን እለካለሁ። ትንሽ የፕላስቲክ መለኪያ ውስጥ ውሃ እቀዳለሁ፤ አንድ ኪኒን ጨምሬ እወዘውዘዋለሁ። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ ከሌለ እንደነበረ ይቀራል። ድምቀቱን በጎኑ ካለው የቀለም መስመር ጋር አስተያይቼ ቁጥሩን ቅጹ ላይ እጽፋለሁ። ዜሮ ነጥብ አምስት ከሆነ ጥሩ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ቅጹን በስልክ ፎቶ አንስቼ ጋምቤላ ከተማ ላሉት አለቃዬ እልካለሁ።

የተወለድኩት አቦቦ አጠገብ ባለ የሰፈራ መንደር ነው። ወላጆቼ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ልጆች ሳለን ወንዝ ወርደን፣ አረፋውን በእጃችን ገፋ አድርገን እንጠጣ ነበር። ስለዚህ ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ ሁሉ ለእኔ ንጹሕ ነበር። የተማርኩት ሌላ ነው፤ የማምነው ግን ያንን ነበር።

የመጨረሻው ቦኖ ወደ ስደተኞች ካምፑ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። ጠባቂዋ እናቴን የምታህል የአኙዋ ሴት ነበረች። ቧንቧውን የምትከፍተው፣ ተራ የምታስይዘው፣ በጀሪካን የሚጣሉትን የምትገላግለው እሷ ናት። አማርኛ የተማረችው ገበያ ላይ ስለሆነ ለሁሉም ሰው «አንተ» ትላለች፤ ለሴትም፣ ለአለቃም። እኔ «ማዘር» እላታለሁ።

ክረምቱ ሲገባ ኪኒኑ አለቀብኝ። ጋምቤላ ዋናው ቢሮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው የዕቃ ቤት ሠራተኛ «መንገዱ ተበላሽቷል፤ መኪና ሲገኝ እንልካለን» አለኝ። የመጀመሪያውን ቀን ቅጹን ባዶ ተውኩት። በማግስቱ ሳየው ባዶው መስመር ሥራ ፈትቼ የዋልኩ አስመሰለብኝ። የሁለቱንም ቀን ሞላሁት። ዜሮ ነጥብ አምስት። ማንም ጻፍ ያለኝ የለም።

ቦኖዎቹን መዞሬን ግን አልተውኩም። ብቀር ሰው ይጠይቃል። መለኪያውን እንደያዝኩ እሄዳለሁ፣ ሰላም እላለሁ፣ እመለሳለሁ። አንድ ጠዋት ማዘር ከቧንቧው በመዳፏ ቀዳችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ዛሬ አይሸትም» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የእናንተ መድኃኒት። ትናንትም የለም።»

«ዝናብ ስለበዛ ነው፣ ማዘር» አልኳት። ዝናብ ቧንቧ ውስጥ ካለ ውሃ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እኔም አላውቅም። ወረፋ ወደያዙት ሴቶች ዞራ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረች፤ ሁለት ሦስቱ ጀሪካናቸው ላይ አጎንብሰው አሸተቱ። ለቦኖዎቹ ውሃ የሚሰጠው ታንከር ያለው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ በእግር ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። ሄጄ ክሎሪን የሚበጠብጠውን ሠራተኛ መጠየቅ እችል ነበር። ጭቃ ነበር፤ አልሄድኩም። የዚያን ቀንም የተለመደውን ቁጥር ጻፍኩ።

መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና አለቃዬ መጡ። ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ተወልደው ያደጉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። ኪኒኑንም ይዘውልኝ መጥተዋል። ቅጾቹን ተቀብለው አንድ በአንድ ገለጧቸው።

«ይሄ ውሃ በጣም ጨዋ ነው» አሉ።

«እንዴት?»

«በዝናብ አይለወጥ፣ በፀሐይ አይለወጥ። በቃ አንድ ቁጥር።»

«ና እንሂድ» አሉኝና መጨረሻው ቦኖ ድረስ ሄድን። ቀዱ፣ ኪኒኑን ጨመሩ፣ ወዘወዙ። ውሃው እንደነበረ ቀረ። ሌላ ኪኒን ጨመሩበት። ያው ነው።

ማዘር ጀሪካን እየሞላች ታየን ነበር። «እኔ ነግሬዋለሁ» አለች። «አይሸትም ብዬዋለሁ።»

«መቼ?» አሉ አለቃዬ።

«ሁለት እሑድ ቸርች ሄጃለሁ ከዚያ ወዲህ። አንተ እሱን ጠይቀው።»

አለቃዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ኪኒኑ ያለቀው መቼ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

ከዚያ በጭቃው ወደ ታንከሩ ሄድን። ክሎሪኑ የሚንጠባጠብበት ቀጭን ቱቦ በነጭ ግግር ተዘግቷል። ሠራተኛው በርሜሉ ሙሉ እንደሆነ ስለሚያየው አዲስ አልበጠበጠም። «መድኃኒቱ በረከተልኝ ብዬ ነበር» አለ። አልዋሸም። ቱቦውን በሽቦ ጠርገን ስንጨርስ መንጠባጠብ ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ቁጭ ብዬ የፈጠርኳቸውን ቁጥሮች አንድ በአንድ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩ። በየመስመሩ «አልተለካም» ብዬ ፈረምኩ። አለቃዬ እስክጨርስ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ጠበቁ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

«ባዶ ትተኸው ቢሆን፣ ሞተር ሳይክልም ተውሼ እመጣ ነበር» አሉኝ። «ባዶውን ሳይ ችግር አለ እላለሁ። አንተ ግን ደህና ነን ብለህ ጻፍክልኝ፤ እኔም ቤቴ ተኛሁ።»

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ያላባረሩኝ በክረምት ፑኝዶ የሚመጣ ሌላ ሰው ስላላገኙ ይመስለኛል።

በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሱን ጠየቅኩት። በእነዚያ ቀናት በተቅማጥ የመጡ ሕፃናት በዝተው ነበር ወይ?

«በክረምት መቼ የማይበዙበት ጊዜ አለ?» አለኝ።

«ከቦኖው ውሃ ሊሆን ይችላል?»

«ከቦኖው ይሆናል፣ ከወንዝ ይሆናል፣ ካልታጠበ ጀሪካንም ይሆናል። በምን ትለየዋለህ?» ብሎ ወደ በሽተኞቹ ተመለሰ።

ማዘርን መጠየቅ ፈራሁ። እሷ ራሷ ናት የነገረችኝ። አንድ ጠዋት ውሃው ውስጥ ኪኒኑ ሲሟሟ አብራኝ እያየች፣ «የልጄ ልጅ ታሞ ጤና ጣቢያ ሁለት ቀን ተኛ» አለችኝ።

«መቼ?»

ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረች። እኔ ሳልለካ ከጻፍኩባቸው ቀናት መካከል ነበር።

«አሁንስ?» አልኳት።

«ድኗል። ይሮጣል።» ቧንቧውን ዘግታ የሚቀጥለውን ባለ ተራ ጠራች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «እሱ ወንዝም ይገባል፤ የወንዝ ውሃም ይጠጣል» አለች።

ይህን ያለችው ጥፋቴን ልታቀልልኝ ይሁን ወይስ እንዲያው እውነት ስለሆነ፣ ያኔም አልገባኝም፤ አሁንም አላውቅም።